ጣሪያ ላይ ያለ ፀሐይ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል?
ስለ «ፀሐይ መኪና» ስትጠይቁኝ የማነሳው መርሴዲስ በ2022 እ.ኤ.አ. ያሳየውን ቪዥን ኢኪውኤክስኤክስ ነው። የሙከራ መኪና ነው፤ ለገበያ አልቀረበም። ጣሪያው ላይ 117 የፀሐይ ሴሎች አሉት። ሞተሩን በቀጥታ የሚያዞሩት እንዳይመስላችሁ! ኃይሉ የሚገባው ለብቻዋ ወደተቀመጠች ትንሽ ባትሪ ነው፤ መብራቱ፣ ማራገቢያውና ስክሪኑ የሚሠሩት ከእሷ ነው። ዋናው ባትሪ ከዚህ ወጪ ስለሚያርፍ በረጅም ጉዞ እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይጨመራል።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ከጀርመን ሲንደልፊንገን እስከ ደቡብ ፈረንሳይ ካሲ፣ አንዴ በተሞላ ባትሪ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ታዲያ ምስጋናው በዋናነት ነፋስ ሰንጥቆ ለሚያልፈው ቅርፁና ለክብደቱ ማነስ ነው። የመኪና ጣሪያ ጠባብ ነው፤ በግሌ ፓነሉን ቤት ላይ ሰቅሎ መኪናውን ከዚያ ቻርጅ ማድረግ ያዋጣል ባይ ነኝ።