የአረር ቅርጽ ከድሬዳዋ እስከ ባሌ፦ ለአደንና ለዒላማ ተኩስ የሚመረጥበት መሠረት

ደቻቱ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚያሳልፍ፣ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። በአንድ ወገን የባቡር ጣቢያው ያለበት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያው መጋላ ይገኛል። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ደርሶ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያ መካከል ወደ መሀል አገር የሚሄድ ዕቃ፣ ጠመንጃና ጥይትን ጨምሮ፣ ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው በዚህች ከተማ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ የአረር ቅርጽ በመላው ዓለም የተለወጠው በእነዚሁ ዓመታት ነው።

ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ በብዛት የታወቀው ውጅግራ፣ ማለትም የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው ድፍን እርሳስ ይተኩሳል። አፍንጫው ዱልዱም ነው። አረሩ ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙም ሳይርቅ ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል፤ በዚህ ፍጥነት ደግሞ አፍንጫን ማሾል የሚያስገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው። የ1886ቱ ለበል ጢስ አልባ ባሩድ ይዞ ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ሆነ። ይሁን እንጂ አፍንጫው አሁንም ጠፍጣፋ ነበር። ምክንያቱ የአየር ጠባይ ሳይሆን የጠመንጃው አሠራር ነው። ጥይቶቹ በቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለሚደረደሩ፣ ሾጣጣ አፍንጫ የፊተኛውን ቀለህ መለኮሻ ሊወጋ ይችላል የሚል ሥጋት ነበር። ፈረንሳዮች በ1898 አፍንጫው የሾለ፣ ጀርባው የቀጠነ፣ 12.8 ግራም የሚመዝን አረር ሲያወጡ የቀለሁንም መቀመጫ መለወጥ ግድ ሆነባቸው። ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1906 ሾጣጣውን ተከተሉ።

የሾጣጣው ብልጫ ከድምፅ በላይ በሚጓዝ አካል ፊት ከሚፈጠረው የግፊት ማዕበል ጋር የተያያዘ ነው። ዱልዱም አፍንጫ አየሩን እንደ ግድግዳ ሲገፋ፣ ሾጣጣው ይሰነጥቀዋል። የጀርባው ቅርጽ ግን ፋይዳው የሚጎላው ዘግይቶ ነው፤ አረሩ ፍጥነቱን እያጣ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረብ ከኋላው የሚፈጠረው የተጎተተ አየር ዋነኛው መሰናክል ይሆናል። በ100 ሜትር ዒላማ ላይ የቀጠነ ጀርባ መፈለግ፣ ገንዘብ ከመጣል ባይቆጠርም፣ ትርፉ ጥቂት ነው።

በካታሎግ የሚጻፈው የአረር አፈጻጸም የሚሰላው ግን በባሕር ጠለል አየር ነው፤ የኢትዮጵያ ተኳሽ ይህን መዘንጋት የለበትም። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቀን የአየሩ ጥግግት በሜትር ኩብ 0.99 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የመደበኛው ስሌት መነሻ ግን 1.225 ነው። የደጋ አጋዘን በሚገኝበት በባሌ 3000 ሜትር ከፍታ፣ በ10 ዲግሪ ሙቀት፣ ወደ 0.86 ይወርዳል። የአየሩ ግፊያ ከመደበኛው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ቀረ ማለት ነው። በአደን ርቀት የዱልዱሙና የሾጣጣው ልዩነት እዚያ ይጠብባል፤ ስለዚህ በደጋ የሚያድን ሰው ምርጫውን በአፍንጫ ሹልነት ሳይሆን አረሩ ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ በሚያደርገው ላይ ቢመሠርት ይሻላል።

ሥጋ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። የሾጣጣ አረር የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ያደላል፤ በአየር ላይ ሳይገለበጥ የሚጓዘው በአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦይ ምክንያት ስለሚሽከረከር ነው። ከአየር 800 እጥፍ ገደማ በሚወፍር አካል ውስጥ ግን ሽክርክሪቱ አይበቃውም፤ ይገለበጣል፣ አቅጣጫውንም ይለውጣል። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ ሾጣጣ አጋዘንን በጠባብ ቀዳዳ አልፎት ሊሄድና እንስሳው ቆስሎ ጫካ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው ለአጋዘን አፍንጫው የተጋለጠ እርሳስ የሆነ፣ ሲመታ እንደ እንጉዳይ የሚሰፋ አረር የሚመረጠው። ለዝሆንና ለጎሽ ደግሞ ተቃራኒው ይፈለጋል፦ የማይሰፋ፣ ዱልዱም ወይም ጠፍጣፋ፣ ወፍራም አጥንት ሰብሮ ቀጥ ብሎ የሚዘልቅ።

የዒላማ ተኩስ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ወረቀት አይቆስልም። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር 4.5 ሚሊ ሜትሩ እርሳስ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነው ወረቀቱን በንጹሕ ክብ ቆርጦ ነጥብ ቆጣሪውን ከክርክር እንዲያድን ነው። በረጅም ርቀት ውድድር የሚታየው የአፍንጫ ቀዳዳ ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። ቀዳዳው አረሩ እንዲሰፋ ተብሎ አልተሠራም፤ ሽፋኑ ከጀርባ ተጀምሮ አፍንጫው ላይ ሲዘጋ የቀረ ነው። ጥቅሙ ጀርባው ፍጹም እኩል መሆኑ ነው። ለአደን የሚገዛው ሰው ቀዳዳውን ዐይቶ «ይሰፋል» ብሎ ከወሰደ ተሳስቷል።

ይህ የአፍንጫ ጉዳይ በኢትዮጵያ ታሪክ ከአዳኝና ከተኳሽ ያለፈ ዋጋ አለው። የ1899ኙ የሄግ መግለጫ በሰው አካል ውስጥ የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ከልክሏል፤ አደንን ግን አይመለከትም። የአደኑና የጦርነቱ ጥይት በአንድ ጠመንጃ ሊገባ ይችላል፤ ልዩነቱ ጫፉ ላይ ነው። ፋሺስት ጣሊያን በ1935 እና በ1936 ኢትዮጵያን በመንግሥታት ማኅበር ፊት የከሰሰችው በዚሁ አረር ነበር፤ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟንም እንደ አጸፋ ለማስመሰል ከጠቀሰቻቸው ሰበቦች አንዱ ይኸው ነው። ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር እንዲህ ማለቷ የክሱን ዓላማ ይናገራል።

አሁን ያለው ክርክር ከቅርጽ ወደ ማዕድን ዞሯል። የሚሰፋ እርሳስ በሥጋው ውስጥ ደቃቅ ስብርባሪ ይተዋል፤ የተጣለውን ሆድ ዕቃ የሚበላው ጥንብ አንሳ በእርሳሱ ይመረዛል። ካሊፎርኒያ በ2019 ለአደን የሚውል የእርሳስ ጥይትን ሙሉ በሙሉ ያገደችው ለዚህ ነው። ምትኩ መዳብ ነው፤ ነገር ግን የመዳብ ጥግግት 8.96፣ የእርሳስ 11.34 ስለሆነ፣ እኩል ክብደት ያለው የመዳብ አረር መርዘሙ አይቀርም። የረዘመ አረር ፈጣን ሽክርክሪት ይሻል። ስለዚህ ቦዩ ዘገምተኛ በሆነ አሮጌ ጠመንጃ መዳብ የሚተኩስ አዳኝ ክብደቱን ቀንሶ አጠር ያለውን መምረጥ፣ ከአደኑም በፊት በወረቀት ላይ መሞከር ይኖርበታል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ከሆነ አረሩ ገና በአየር ላይ ሳለ ተንጋዷል።