«ባዶ መኪና ይዘው መጡ»፦ ስለ እሳት አደጋ መኪናና ስለ መሣሪያው

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያደገ ተማሪ ሁሉ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። እሳት ይነሣል፤ ቀዩ መኪና እየጮኸ ይደርሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ውሃ ከረጨ በኋላ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ሕዝቡ «ባዶ መኪና ይዘው መጡ!» ብሎ ያጉረመርማል። እኛም ጮኸናል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን፣ ስሟን በማንጠራት አንዲት ከተማ የገበያ ሱቆች ሲቃጠሉ ከጮኹት መካከል ነበርን፤ ከመካከላችን ድንጋይ ያነሣም አልጠፋም። ድንጋዩ የመኪናውን ስፖኪዮ ሰበረ። ሾፌሩ አንድ ቃል ሳይናገሩ ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ስፖኪዮ ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍ እንጂ የቴክኒክ ተማሪዎች አይደለንም። ሆኖም ነገሩ ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አያልፍም። የእሳት አደጋ መኪና በጀርባው የሚሸከመው ውሃ እንደ መጠኑ ከ3,000 እስከ 12,000 ሊትር ያህል ነው። 5,000 ሊትር የሚይዘውን እንውሰድ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሚመዝን መኪናው ከራሱ ክብደት ሌላ 50 ኩንታል ጭኖ ይሮጣል ማለት ነው። ውሃው ወዲያና ወዲህ ሲማታ ኩርባ ላይ እንዳይገለብጠው፣ ጋኑ በውስጡ ቀዳዳ ባላቸው የብረት ግድግዳዎች ይከፋፈላል። ከአንድ ቱቦ በደቂቃ 400 ሊትር ቢወጣ ይህ ሁሉ ውሃ በ12 ደቂቃ ተኩል ያልቃል፤ ሁለት ቱቦ ቢዘረጋ ከስድስት ደቂቃ ብዙም አያልፍ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እናቶቻችን ለስንት ቀን የሚቆጥቡትን የ200 ሊትር በርሜል ያ ቱቦ በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል። እንግዲህ መኪናው ባዶውን አልመጣም፤ እኛ ፊት ባዶ ሆነ እንጂ።

ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ የራሱ ሞተር የለውም፤ በአብዛኛው መኪና ጎማውን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ መኪናው ሲቆም ኃይሉ ወደ ፓምፑ ይዛወራል። ቆሞ ሳለ ዳገት እንደሚወጣ ካሚዮን የሚያጓራው ስለዚህ ነው። በ7 ባር ግፊት 400 ሊትር የሚያወጣ ቱቦ ያዡን በ25 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሁለት ሰው ተደግፎ የሚይዘውም ከዚህ የተነሣ ነው። በድንገት ቢለቁት ቱቦው እንደ እባብ እየተገረፈ ሰው ይጎዳል።

«ሐይቅና ወንዝ አጠገባችን እያለ ለምን ከዚያ አይስብም?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ መኪናው የውሃ መሳቢያ ወፍራም ቱቦ አለው፤ ጫፉ ላይ ቅጠልና ጠጠር የሚያስቀር ወንፊት ተገጥሞለታል። ነገር ግን ፓምፕ ውሃ ይስባል ስንል በእውነቱ የሚያደርገው ከቱቦው አየር ማውጣት ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው የአየር ክብደት ነው። ይህም ክብደት ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ጅቡቲ ባሕር ዳር ላይ ውሃ በዚህ መንገድ ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ባለችው በአዳማ 8 ሜትር ተኩል ግድም፤ በአዲስ አበባ ከ8 ሜትር በታች። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በሥራ ላይ ከስድስት ሜትር እምብዛም አይታለፍም። የአዋሽ ዳር ብዙ ቦታ ላይ ገደል ነው፤ የሐይቆቹም ዳር 50 ኩንታል የሚሸከም ጎማ የሚውጥ ጭቃ አለው።

ስለዚህ እውነተኛው መሣሪያ ከመኪናው ውጭ የቆመው ሃይድራንት ነው፤ ይኸውም ከከተማው ዋና የውሃ መስመር ጋር ተያይዞ መንገድ ዳር የሚተከል ወፍራም ቧንቧ። ሃይድራንት ያለበት ሰፈር መኪናው ጋኑን ሳይነካ ሰዓታት ይሠራል። ከሌለ ግን ሌላ ቦቴ እየተመላለሰ ማቀበል አለበት። በእኛ አስተያየት አንድ ከተማ ሁለተኛ ቀይ መኪና ከመግዛቱ በፊት ገበያው ዳር ሃይድራንት ቢተክል ይሻላል። ለምርቃት ሪባን የሚቆረጥለት ግን መኪናው ነው።

በአዳማ ነገሩን የሚያከብዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ነፋሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀውን 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሁለተኛውን የነፋስ ኃይል ጣቢያ የሚያሽከረክረው ነፋስ፣ ፍም ከአንዱ ቆርቆሮ ወደ ሌላው ለማሻገርም አይሰንፍም። ሁለተኛው የጅቡቲ መንገድ ነው። ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች በዚሁ መስመር ያልፋሉ። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ቢረጩበት እየነደደ ተንሳፎ ይሰፋል። የሚያስፈልገው ፎም ነው፤ 3 ሊትር ፈሳሽ ከ97 ሊትር ውሃ ጋር ተደባልቆ፣ አየር ገብቶበት፣ እንደ ሳሙና አረፋ ነዳጁን ሸፍኖ እንፋሎቱን ያፍናል። የፎም ጄሪካን ያልጫነ መኪና በነዳጅ እሳት ፊት ብዙ አይረዳም።

ስለ መሰላሉ ብዙ አንልም። 30 ሜትር የሚደርሰው መኪና እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ካልቆመ መሰላሉን ማንሣት አይችልም፤ ባጃጅና ጋሪ በሞላበት መንገድ ቦታ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መንገዱ ጠባብ በመሆኑ መኪኖቹ ለመግባት ተቸግረው እንደ ነበር ተነግሯል።

የሩቁን ከተማ ደግሞ እናስብ። ከአዳማ መቂ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃ የጫነ መኪና ሳይቆም ቢገሰግስ ከአንድ ሰዓት በታች አይደርስም፤ የእንጨትና የላስቲክ ሱቅ ግን ግማሽ ሰዓት አይጠብቅም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደዚያች ከተማ ስንመለስ የእሳት አደጋ ጓሮውን ጎበኘን። ጠዋት አንድ የእህል ወፍጮ ተቃጥሎ ኖሮ ሠራተኞቹ ጭቃ የነካቸውን ቱቦዎች አጥበው፣ እንዳይሻግቱ በረጅም እንጨት ላይ ሰቅለው ያደርቁ ነበር። ጋሼ ሾፌሩ ሻይ ከመጠጣታቸው በፊት ጋኑን እየሞሉ ነበር፤ መሙላቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ፤ የቧንቧው ግፊት ደካማ ነው። ማን መሆናችንን አልነገርናቸውም። የግራው ስፖኪዮ አሁንም በሽቦ ታስሯል።