መውጫ የሌለው አቢጃታ

አቢጃታ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተኛ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ወንዞች ይገቡበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባውን ውሃ በዋናነት የሚወስደው ፀሐይ ነው።

የውሃውን መነሻ ለማየት ከአሰላ መጀመር ይሻላል። ከከተማዋ በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በጭላሎ፣ ከእሱ ወዲያም በገላማና በካካ ተራሮች ምዕራባዊ ገጽ ላይ የጣለው ዝናብ በከታር ወንዝ ተሰብስቦ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው መቂም መድረሻው እዚያው ነው። ዝዋይ ሲሞላ ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ፣ 60 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው አቢጃታ ይፈስሳል። ሌሎች የአርሲ ወንዞች ላንጋኖን ይሞላሉ፤ የላንጋኖም ትርፍ በአጭሩ ሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል አቢጃታ ይደርሳል። ስለዚህ አቢጃታ የሚኖረው በአብዛኛው ከሁለቱ ሐይቆች በሚተርፈው ነው።

ዝዋይ የሚጠጣ፣ አቢጃታ ግን የሚያቃጥል ውሃ የያዙበት ምክንያትም ይኸው ነው። ወንዞቹ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሶዲየምና ሌሎች ማዕድናትን አሟሙተው ያመጣሉ። ዝዋይ ከውሃው ጋር ማዕድኑንም ወደ ታች ይሸኛል። አቢጃታ ላይ ግን ውሃው ይተንናል፣ ማዕድኑ ይቀራል፤ ይህ ለሺህ ዓመታት ሲደጋገም ሐይቁ የሶዳ ሐይቅ ሆነ። ከውሃው ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ የተቋቋመውም በዚህ ሀብት ምክንያት ነው።

መፍሰሻ የሌለው ሐይቅ ራሱን የሚያስተካክለው በስፋቱ ነው። ብዙ ውሃ ሲገባ በሜዳማው ዳርቻ ላይ ይንጣለላል፤ ሲሰፋ የሚተንነው ይበዛል፣ መሙላቱም ይገታል። ሲቀንስ ደግሞ ይጠብባል። ዳርቻው ለጥ ያለ በመሆኑ ጥቂት የከፍታ ለውጥ እንኳ ውሃውን እጅግ ያሸሸዋል። ጎረቤቱ ሻላም መውጫ የለውም፤ ነገር ግን ከ250 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ እንዲህ በቀላሉ አይዋዥቅም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከአሁኑ እርጥብ በነበረ ዘመን፣ ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። ያ ሐይቅ ሞልቶ ሲፈስስ ትርፉ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይሄድ ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ ውሃው ወርዶ አራቱ ተለያዩ።

አሁን ግን አቢጃታን የሚያሳንሰው የዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም። በመቂ፣ በከታርና በዝዋይ ዙሪያ ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ የቡልቡላን ፍሰት አሳንሷል፤ ወንዙ በበጋ የሚቋረጥበት ጊዜም ታይቷል። ሐይቁ ሲኮማተር ጨዋማነቱ እየጠነከረ ዓሣውን አጥፍቷል። በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ቀድሞ አቢጃታ እየበረሩ ያድኑ ነበር፤ ዓሣው ሲጠፋ ምግባቸውን ከዝዋይ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በሶዳ ውሃ የሚበቅለውን ዋቅላሚ የሚመገቡት ፍላሚንጎዎች ግን ከዳርቻው አልጠፉም።