የዳታቤዝ ሰርቨር የሎግ መድረሻ፦ የፖስትግሬስ አሠራር

ፖስትግሬስ በመባል የሚታወቀው የዳታቤዝ ሰርቨር፣ ማለትም መረጃን በሠንጠረዥ አደራጅቶ የሚያስቀምጥና ፕሮግራሞች ሲጠይቁት የሚያቀርብ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ ምርምር ፍሬ ነው። ሰርቨሩ መነሣቱንና መቆሙን፣ ያጋጠሙትን ስሕተቶች፣ አስተዳዳሪው ካዘዘም ብዙ ጊዜ የወሰዱ ጥያቄዎችን በጽሑፍ ያሰፍራል፤ ይህም የክንውን መዝገብ ሎግ ይባላል። ብልሽት በደረሰ ጊዜ ምን እንደተፈጸመ የሚመሰክረው ሎግ በመሆኑ፣ የሚቀመጥበትን ቦታ መወሰን ከአስተዳዳሪው ዐበይት ኀላፊነቶች አንዱ ነው።

መድረሻው የሚወሰነው ሎግ ዴስቲኔሽን በተባለው ቅንብር ነው። ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ መልእክቱ የሚሄደው ወደ ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም የዩኒክስ ፕሮግራሞች ከመደበኛ ውጤታቸው ለይተው የስሕተት መልእክት ወደሚያወጡበት መስመር ነው። ይህ መስመር በራሱ ማስቀመጫ ስላልሆነ፣ ሰርቨሩ ፒጂ ሲቲኤል በተባለው መሣሪያ ሲነሣ የሎግ ፋይል ካልተሰየመለት መልእክቱ በተርሚናሉ ላይ ታይቶ ያልፋል እንጂ በፋይል አይቀመጥም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ሎጊንግ ኮሌክተር ነው፤ እርሱም ከበስተጀርባ እየሠራ በስታንዳርድ ኤረር የሚወጣውን ሁሉ ተቀብሎ በፋይል ይጽፋል፣ የተለየ ቅንብር ካልተደረገለትም 24 ሰዓት ሲያልፍ ወይም ፋይሉ 10 ሜጋባይት ሲሞላ አዲስ ፋይል ይከፍታል። መዝገቡ የደንበኞችን የግል መረጃ ሊይዝ ስለሚችል፣ ፋይሉን ማንበብ የሚፈቀደው በመነሻው ለሰርቨሩ ባለቤት ብቻ ነው። ሎጉን በሲኤስቪ፣ ከ15ኛው ዕትም ወዲህም በጄሰን ቅርጽ መጻፍ የሚቻለው ይኸው ኮሌክተር ሲበራ ሲሆን፣ እርሱን ማብራት ሰርቨሩን አቁሞ ማስነሣት ይጠይቃል፤ ሎግ ዴስቲኔሽንን ለመለወጥ ግን ቅንብሩን ዳግም ማስነበብ ይበቃል።

ሌላው አማራጭ ሲስሎግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን ለሴንድሜይል የኢሜይል ፕሮግራም የፈጠረው ይህ አገልግሎት የብዙ ፕሮግራሞችን መልእክት በአንድነት ይቀበላል፤ መልእክቱንም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማስተላለፍ ስለሚችል የሰርቨሩ ዲስክ ቢበላሽ እንኳ ማስረጃው ይተርፋል። ይሁንና ጫና ሲበዛ ሲስሎግ መልእክት ሊጥል ይችላል፤ ኮሌክተሩ ግን አንድም መልእክት እንዳይጠፋ ተደርጎ ስለተሠራ፣ መጻፉ ወደኋላ ሲቀር የሰርቨሩ ሌሎች ሥራዎች ቆመው እንዲጠብቁት ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው መዝገቡን ሙሉ አድርጎ በመጠበቅና የሰርቨሩን ፍጥነት በመጠበቅ መካከል ነው።

ፖስትግሬስ ያረጁ የሎግ ፋይሎችን በራሱ አይሰርዝም፤ ሎጉ ከዳታቤዙ ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ከተቀመጠና ዲስኩን ከሞላ ሰርቨሩን እስከማቆም ይደርሳል። ፋይሎቹን በሳምንቱ ቀናት ሰይሞ ተራው ሲደርስ በአሮጌው ላይ እንዲጻፍ ማዘዝ የ7 ቀን መዝገብ ብቻ እንዲቀር ያደርጋል። ማንኛውም አስተዳዳሪ የሎጉን መድረሻ፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሚያነቡትን ሰዎች ብልሽት ሳይደርስ አስቀድሞ ሊወስን ይገባዋል፤ ሳይጻፍ ያለፈን መልእክት ከብልሽቱ በኋላ መልሶ ማግኘት አይቻልምና።