የሚሰረዘው ብድርና የማይሰረዘው፦ አሜሪካ በኮሮና ዘመን ለግል ሠራተኞች የሰጠችው ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኮሮና አሜሪካን ሲዘጋት፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን በቀናት ውስጥ ከሥራ ውጭ ሆኑ። አውሮፕላን ማረፊያው ጭር አለ፣ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ፣ ቢሮ የሚመላለሰው ተሳፋሪም ከቤቱ መውጣት አቆመ። የመኪናው ወርኃዊ ክፍያና ኢንሹራንሱ ግን እንደ ወትሮው ይመጣል። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከሥራ ሲቀነስ የሥራ አጥነት ክፍያ ይጠይቃል። በ1099 የታክስ ቅጽ፣ ማለትም ሳይቀጠር በግሉ፣ የሚሠራው ግን በሕግ ዓይን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው፤ ስለዚህ በመደበኛው ሥርዓት ይህን ክፍያ አያገኝም ነበር።

ማርች 27 ቀን 2020 የጸደቀው ኬርስ አክት የተባለው ሕግ ለእነዚህ ሰዎች ጊዜያዊ የሥራ አጥነት ክፍያ ከመፍቀዱ ሌላ ሁለት የብድር በሮች ከፈተ። የሁለቱም ባለቤት የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤስቢኤ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። አንደኛው ፒፒፒ ሲሆን የሚሰጠው በባንክ በኩል ነበር። ሁለተኛው ኢአይዲኤል ሲሆን መንግሥት በቀጥታ ያበድረው ነበር። ብዙ ሰው ሁለቱንም «የመንግሥት ብድር» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ጠባያቸው ግን በጣም ይለያያል፤ ይህን ልዩነት በጊዜው በቋንቋው የሚያስረዳው ያጣ ሰው ዛሬም መዘዙ አልለቀቀውም።

ፒፒፒ የታሰበው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን እንዳያሰናብቱ ነበር። ወለዱ 1 በመቶ ሲሆን፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ለደመወዝ ከዋለና የስረዛ ማመልከቻ ከገባ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። ሠራተኛ የሌለው ግለሰብም የራሱን ገቢ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ መጠየቅ ተፈቅዶለታል። ችግሩ ተራው እስኪደርስ ነበር። ፕሮግራሙ ኤፕሪል 3 ሲከፈት ግለሰቦች እስከ ኤፕሪል 10 እንዲጠብቁ ተነገራቸው። የእነሱ ብድር እንዴት እንደሚሰላ የሚያብራራው መመሪያ የወጣው ኤፕሪል 14 ነው። የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር ደግሞ ኤፕሪል 16 አለቀ። በመካከሉ ብዙ ባንኮች ቅድሚያ የሰጡት ቀድሞ የንግድ ሒሳብ ለነበራቸው ደንበኞች ነበር። በግል ሒሳቡ ብቻ ሲሠራ የኖረ ሹፌር በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ኮንግረስ በሳምንት ጊዜ ውስጥ 310 ቢሊዮን ስለጨመረበት በሩ እንደገና ተከፈተ።

ከዚህ የባሰው ግን ስሌቱ ነው። የብድሩ መጠን የሚወጣው ከታክስ ወረቀቱ፣ ከስኬጁል ሲ 31ኛ መስመር ላይ ነበር፤ ይህ መስመር የተጣራ ትርፍን ያሳያል። ትርፉ ለ12 ወር ተካፍሎ በሁለት ተኩል ይባዛ ነበር። ጣሪያው 20,833 ዶላር ነበር። አንድ ሹፌር እ.ኤ.አ. በ2019 48,000 ዶላር ጠቅላላ ገቢ ነበረው እንበል። ዓመቱን ሙሉ 50,000 ማይል ነድቷል። በዚያ ዓመት ታክስ ሰብሳቢው ለአንድ ማይል የሚፈቅደው ወጪ 58 ሳንቲም ስለሆነ፣ በማይል ብቻ 29,000 ዶላር ይቀነስለታል። የኡበር ኮሚሽን፣ ስልክና ሌላውም ተደምሮ 7,000 ቢሆን የተጣራ ትርፉ 12,000 ይሆናል። ብድሩም 2,500 ዶላር ነው ማለት ነው። ትርፉ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የወጣማ ምንም አያገኝም ነበር። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም፤ ሕጉ የፈቀደለትን ወጪ በአግባቡ ነው የመዘገበው። በወረርሽኙ ወር ሊከፍል የሚገባው ግን የተጣራ ትርፉን ሳይሆን የመኪናውንና የቤቱን ዕዳ ነበር። መኪና ይዞ ለሚሠራ ሰው መለኪያው ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኤስቢኤ ይህን ያረመው ማርች 3 ቀን 2021 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግለሰቦች በ7ኛው መስመር ላይ ባለው ጠቅላላ ገቢ እንዲያመለክቱ ተፈቀደ። ያው የምሳሌያችን ሹፌር በአዲሱ ስሌት 10,000 ዶላር ያገኛል፤ የቀድሞው አራት እጥፍ ማለት ነው። ነገር ግን ለውጡ ወደ ኋላ አይሠራም ተባለ። ፈጥኖ አመልክቶ 2,500 የጸደቀለት ሰው ልዩነቱን መጠየቅ አልቻለም፣ ዘግይቶ የመጣው ሙሉውን ወሰደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ገንዘቡም በሜይ 2021 አልቆ ፕሮግራሙ በዚያው ወር መጨረሻ ተዘጋ።

የስረዛው ነገር ለግለሰብ በኋላ በጣም ቀሏል። 150,000 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ብድር አጭር ቅጽ ወጣ፣ ከኦገስት 2021 ጀምሮም በኤስቢኤ ድረ ገጽ በቀጥታ መሙላት ተቻለ። ሆኖም ማመልከቻውን ራሱ ተበዳሪው ማስገባት አለበት። «በራሱ ይሰረዛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው ብድሩ እንደ ማንኛውም ብድር ይቀጥልበታል።

ኢአይዲኤል ሌላ ታሪክ አለው። ኤስቢኤ በ1953 ከተቋቋመ ጀምሮ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ለመታቸው አካባቢዎች የአደጋ ብድር ሲሰጥ ኖሯል፤ በ2020 አገሩ ሁሉ በአደጋ ቀጣናነት ተቆጠረ። ይህ ብድር ወለዱ 3.75 በመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት ሲሆን አይሰረዝም። ከብድሩ ጋር ይሰጥ የነበረው ቅድመ ክፍያ ብቻ ነው የማይመለሰው። ቅድመ ክፍያው «እስከ 10,000 ዶላር» ተብሎ ቢነገርም በመጀመሪያው ዙር ለአንድ ሠራተኛ 1,000 እየተባለ ስለተሰላ፣ ብቻውን የሚሠራው ሰው 1,000 ብቻ ነው የደረሰው።

ከ25,000 ዶላር በላይ ካልሆነ ማስያዣ አይጠየቅም ነበር፣ 200,000 እና ከዚያ በታች ለሆነውም የግል ዋስትና አይፈረምም ነበር። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያ ሳያቋቁም በራሱ ስም የሚሠራ ሰው ከንግዱ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። ዋስ ባይፈርምም ዕዳው የራሱ ነው፤ ታክሲውን ሸጦ ሌላ ሥራ ቢቀጠርም ይከተለዋል።

የእፎይታው ጊዜ መጀመሪያ 12 ወር ነበር፣ እየተራዘመ 30 ወር ደረሰ። ወለዱ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲቆጠር ቆይቷል። 20,000 ዶላር የወሰደ ሰው ክፍያ ሲጀምር 1,875 ዶላር ወለድ ተጠራቅሞበታል። በወር የሚከፍለው 97 ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ከ62 ዶላር በላይ የሚሆነው የወሩ ወለድ ስለሆነ፣ የተጠራቀመውን ለመጨረስ ብቻ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ዕዳ መቀነስ የሚጀምረው። በየወሩ እየከፈለ ሒሳቡ ለምን እንደማይቀንስ የሚጨነቅ ሰው መልሱ ይኸው ነው። አቅም ያለው ሰው ከተመደበለት በላይ ቢከፍል ቅጣት የለበትም።

በዚህ ሁሉ መካከል «እኔ ልሙላልህ» ብለው ከብድሩ ላይ መቶኛ የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። በፒፒፒ ደንብ የአመልካቹን ጉዳይ የሚያስፈጽም ወኪል ክፍያውን የሚያገኘው ከአበዳሪው ድርሻ ነው እንጂ ከተበዳሪው ብድር ላይ ቆርጦ መውሰድ አይችልም። አንዳንዶቹማ የሌለ ንግድና ያልተሠራ ገቢ ጽፈው አስገብተዋል። የኤስቢኤ ዋና ተቆጣጣሪ በ2023 ባወጣው ግምት፣ ከሁለቱ ፕሮግራሞች ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ በማጭበርበር ሊሆን በሚችል መንገድ ወጥቷል ብሏል። በዚህ ወንጀል የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በ2022 ወደ 10 ዓመት ተራዝሟል። ወረቀቱን ሌላ ሰው ቢሞላውም ፊርማው የተበዳሪው ነው።

ያልተከፈለ ኢአይዲኤል ወደ ፌዴራል ግምጃ ቤት ይተላለፋል። ኤስቢኤ 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆኑትን ትናንሽ ብድሮች ለጊዜው ትቷቸው ነበር፣ በ2023 መጨረሻ ግን እነሱንም እንደሚልክ አስታወቀ። ግምጃ ቤቱ የታክስ ተመላሽን ይዞ ማስቀረት ይችላል፣ የማስከፈያ ወጪም በዕዳው ላይ ይጨምራል።

ስለዚህ በዚያ ዘመን ገንዘብ የተቀበሉ ወንድሞችና እህቶች፣ የወሰዱት የትኛውን እንደሆነ ዛሬውኑ ያረጋግጡ። ፒፒፒ ከሆነ የስረዛውን ማረጋገጫ ደብዳቤ ይፈልጉ፤ የ2019ና የ2020 የታክስ ወረቀትዎንም አይጣሉ። ኢአይዲኤል ከሆነ አድራሻ ሲቀይሩ ያስመዝግቡ፣ የሚመጣውን ደብዳቤ ይክፈቱ፣ መክፈል ካቃተዎት ወደ ግምጃ ቤት ከመተላለፉ በፊት ራስዎ ለኤስቢኤ ይደውሉ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ለዚህ ጥሪ ለማንም ገንዘብ አይክፈሉ።