«ጥጥ አይበላም» የሚለው መልስ አርሶ አደሩን አያሳምንም

ቢቲ ጥጥ በሚነሳበት የአርሶ አደሮች ውይይት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ትልን የሚገድል ተክል ሰውንና ከብትን እንዴት ይተዋል? ከመድረክ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ደግሞ አጭር ነው፦ ጥጥ ይለበሳል እንጂ አይበላም።

መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ጥጡ ከተዳመጠ በኋላ ፍሬው ዘይት ይጨመቅበታል፤ ተረፉም ፋጉሎ ሆኖ ለከብት ይቀርባል። በመተማና በቋራ ቆላ ጥጥ የሚያመርት፣ ከብትም የሚያደልብ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ «አይበላም» ሲባል የሚደበቅ ነገር ያለ ይመስለዋል። ጥርጣሬውን ከሚያባብሱት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለው የተድበሰበሰ ንግግር ነው። «ልውጠ ሕያው» የሚለው ስምም ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጆሮን ያስደነግጣል።

ትክክለኛው መልስ ረዘም ይላል እንጂ ከባድ አይደለም። «ቢቲ» በአፈር ውስጥ የሚኖር ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ የተባለ ባክቴሪያ አጭር ስም ነው። ባክቴሪያው የሚሠራው ፕሮቲን በአንዳንድ ትሎች አንጀት ውስጥ ሲገባ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይበሳዋል፤ ትሉ መብላት አቁሞ ይሞታል። የሰውና የከብት አንጀት ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ቦታ የለውም። ባክቴሪያው ራሱ እንደ ፀረ ተባይ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሲረጭ ኖሯል። አዲሱ ነገር ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረ መል ወደ ጥጡ መግባቱ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ከነበሩት አገሮች አንዷ ናት። በካርታሄና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካን ወገን የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 655 ለምርምር እንኳ መንገዱን አጥብቦት ስለነበር በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ። በተለያዩ የጥጥ አምራች አካባቢዎች የመስክ ሙከራ ከተደረገ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላ ዝርያዎች እንዲመረቱ ተፈቀደ። መጤ ተምች አገሪቱ ውስጥ የታየው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ2009 ዓ.ም. በመሆኑ ተባይን የሚቋቋም የበቆሎ ዝርያ ሙከራም አብሮ መነጋገሪያ ሆኗል።

የአርሶ አደሩ ሥጋት ግን ጤና ብቻ አይደለም። ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ይገዛል። ከራስ ጎተራ መርጦ መዝራት ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ዘሩ ሳይደርስ ዝናቡ ከገባስ? ይህ ጥያቄ የሚመለሰው በሳይንቲስት ሳይሆን በአቅራቢውና በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው።

ሌላው ገበያ ነው። ቡርኪና ፋሶ ቢቲ ጥጥን በስፋት ማምረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን ገበሬዎቿ የርጭት ድካም ስለቀነሰላቸው ወደውት ነበር። ነገር ግን የጭራው ርዝመት አጠረ፤ ጥጡን የሚገዙትና የሚልኩት ድርጅቶች በዓለም ገበያ ዋጋ ወረደባቸው፤ በ2016 አገሪቱ ተወችው። ትሉ ተሸነፈ፣ ጥጡ ግን ዋጋ አጣ። ስለዚህ አርሶ አደር ስለ ምርት መጠን ብቻ ሳይሆን ስለ ጭራው ጥራትና ስለ ገዢው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ከመጠን ያለፈ ተስፋም አለ። ቢቲ ጥጥ የሚከላከለው ጓይ ትልንና መሰሎቹን ነው። ክሽክሽን፣ ነጭ ዝንብንና ሌሎች ጭማቂ መጣጭ ተባዮችን አይነካም። «ከእንግዲህ ርጭት የለም» ተብሎ የተነገረው ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ክሽክሽ ሲያይ ተታለልሁ ቢል እውነቱን ነው። ርጭት ይቀንሳል፤ አይቀርም። መቀነሱ ራሱ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙው ገበሬ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ ነው የሚረጨው።

በማስረዳት ረገድ እጅግ የሚከብደው ደግሞ ስለ መጠለያ ማሳ ማውራት ነው። ትሉ ቢቲን እየለመደ እንዳይሄድ ከቢቲው አጠገብ መደበኛ ጥጥ መዘራት አለበት። እዚያ በሕይወት የሚተርፉት፣ ቢቲን ያልለመዱ የእሳት እራቶች ከለመዱት ጋር ይዳቀላሉ፤ ልምዱም ቶሎ አይስፋፋም። በሕንድ ይህ በአግባቡ ባለመሠራቱ ሮዝ ጓይ ትል ቢቲን ለምዶ ተመልሷል። ግን ግማሽ ሄክታር ያለውን ሰው ከማሳህ ቀንሰህ ለትል ተው ማለት አስቸጋሪ ነው። እያንዳንዱ ለየብቻው እንዲተው ከመጠየቅ ይልቅ በኩታ ገጠም የሚያርሱትን አሰባስቦ የመጠለያው ቦታ የት እንደሚሆን ከዘር ወቅት በፊት መስማማት ይሻላል። የመጠለያውን ጉዳት ሁሉም እንዴት እንደሚካፈለውም እዚያው መወሰን ይኖርበታል።