የተመረቀ ሁሉ አላለቀም፤ የዘገየ ሁሉ አልከሸፈም፦ ስለ ፕሮጀክት አመራር ተረትና እውነታ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኝ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ ታሪኩን ይናገራል፦ ሰባራ ድልድይ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ከተሰበረ በኋላ መሻገር የፈለገ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ጉልበተኞች እየተጎተተ ያልፍ ነበር። የዚህን ገመድ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየው ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተሰኘውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 የጎደለው መሐል በብረት ተገጠመ። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 ድርጅቱ ተመልሶ በዚያው አካባቢ በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠራ።

በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የፕሮጀክት አመራር ትምህርት አብዛኛው ክፍል አለ። ሥራው ለምን እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሊያበላሸው የሚችለውን አስቀድሞ መመዘን፣ የተበላሸውን መርምሮ ሌላ መንገድ መያዝ፣ ከምረቃ በኋላ ማን እንደሚጠብቀው መወሰን፤ መርሆቹ እነዚህ ናቸው። በየከተማው ስለ ሙያው የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ስለ ሰርተፊኬቱ ነው። ወሬው ያጠነከራቸውን አራት ተረቶች ብንመረምር መርሁና ወረቀቱ የት እንደሚገናኙና የት እንደሚለያዩ እናያለን።

ተረት 1፦ ፕሮጀክት ማኔጅመንት የመሐንዲሶችና የትልልቅ ተቋራጮች ዕውቀት ነው፤ እንደ ሞጣ ላለ ከተማ አይሆንም።

እውነታው፦ ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ቀድሞ ያልነበረ ውጤት ለማምጣት የሚሠራ ሥራ ነው። ጤፍን በየዓመቱ መዝራትና ማጨድ መደበኛ ሥራ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ማነፅ፣ ምንጭ ማጎልበት፣ ልጅ መዳር ግን ፕሮጀክት ነው። ደቦ የሚጠራ ገበሬ ስንት ሰው እንደሚያስፈልገው ይገምታል፤ ለመጡት ጠላና እንጀራ መድረሱን አስቀድሞ ያረጋግጣል፤ ዝናብ ቢቀድመው ምን እንደሚያደርግ ያስባል። ይህ የሰው ኃይል ምደባ፣ የአቅርቦት ዝግጅትና የሥጋት ግምት ነው። ሙያው በዚህ ላይ የጨመረው መጻፍን፣ መለካትንና ኃላፊነትን በስም መለየትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፣ በምህጻሩ ፒኤምአይ፣ ወይም በ1996 ከብሪታንያ መንግሥት የወጣው ፕሪንስ ቱ የተባለው ዘዴ ያደረጉት ሰው ሲሠራበት የኖረውን ልምድ ወደ ሥርዓት መቀየር ነው። እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ ደቦ ያለ ወረቀት የሚሠምር ከሆነ ወረቀቱ ለምን ያስፈልጋል? ደቦ የሚሠምረው ጠሪውና ተጠሪው ስለሚተዋወቁ፣ ዛሬ የቀረ ነገ ስለሚታማ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች በሕዝብ ገንዘብ ሲሠሩ ያ እፍረት የሚይዘው ሰው የለም። ቃለ ጉባኤው፣ የበጀት መዝገቡና የርክክብ ሰነዱ የእፍረቱን ቦታ ይተካሉ። ትንሽ ከተማም ብትሆን መንገዷንና ውኃዋን የምታሠራው እንዲህ ባለ ገንዘብ ነው።

ተረት 2፦ በጊዜውና በበጀቱ ያለቀ ፕሮጀክት ተሳካ፤ የዘገየ ከሸፈ።

እውነታው፦ ጊዜና በጀት መለኪያዎች ናቸው፤ ግቡ ግን ሥራው የታሰበለትን ጥቅም መስጠቱ ነው። ሁለት የዓባይ ሥራዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የሰባራ ድልድይ ጥገና በአጭር ጊዜ ተጠናቆ ሰው ተሻገረበት፤ ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ አልነበረም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከ14 ዓመት በላይ ወሰደ። በሰዓት ብቻ ብንለካ የመጀመሪያው ተሳክቶ ሁለተኛው ወድቋል ልንል ነው፤ የሚሻገረው ሰውና የሚበራው መብራት ግን ሌላ ይመሰክራሉ። ይህ ለመዘግየት ይቅርታ መስጠት አይደለም። መዘግየት ዋጋ አለው፤ ያ ዋጋም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራዎች እርስ በርስ መጠባበቃቸው ሳይታሰብ ሲቀር ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች ታቅደው አብዛኞቹ በዕቅዱ ዘመን አላለቁም። በጣና በለስ ፋብሪካው ሳይደርስ አገዳው ደረሰ፤ ዕድሜው ያለፈ አገዳም ያለ ጥቅም ቀረ። ባለሙያዎቹ ክሪቲካል ፓዝ የሚሉት ይህንን ነው፦ የትኛው ሥራ ቢዘገይ ሁሉም ነገር አብሮት እንደሚዘገይ ለይቶ ማወቅ። አገዳው በራሱ መለኪያ ጎበዝ ነበር፤ በጊዜው ደርሷል። ያጠፋው ከፋብሪካው ጋር በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ላይ አለመቀመጡ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ሥራ ሲነገረን «መቼ ይመረቃል?» ከማለታችን በፊት «ይህ ካልደረሰ ምን ይበላሻል? ከተመረቀ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ተረት 3፦ ጥሩ ዕቅድ የማይለወጥ ዕቅድ ነው፤ ዕቅዱን የለወጠ ሥራ አስኪያጅ ተሸነፈ።

እውነታው፦ ዕቅድ በጊዜው ባለው መረጃ ላይ የቆመ ግምት ነው፤ መረጃው ሲለወጥ እሱም መለወጥ አለበት። ልዩነቱ በማን ውሳኔ፣ በምን ምክንያትና በምን ዋጋ እንደሚለወጥ ነው። የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም መጀመሪያ 5,250 ሜጋ ዋት ተብሎ ተነገረ፤ ከዚያ ወደ 6,000 ከዚያም በላይ ከፍ አለ፤ በመጨረሻ 5,150 ሆነ። የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተወስዶ ለሌሎች ተሰጠ። ሁለተኛው ለውጥ ሥራው በተያዘበት መንገድ ሊያልቅ እንደማይችል ሲታወቅ የተወሰደ እርምጃ ነበር፤ ዕቅድን አልለውጥም ብሎ መጽናት ግድቡን አይገነባም ነበር። የሰባራ ድልድይም ትምህርት ይኸው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2009 ከጎርፍ ጋር ሁለተኛ ግብግብ አልተገጠመም፤ ወንዙ ውስጥ ምሰሶ የማያስፈልገው ድልድይ ተመረጠ። ሙያው ራሱ በዚህ አቅጣጫ ተጉዟል። የፒኤምአይ መመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ስድስተኛ እትሙ 49 ሂደቶችን ዘርዝሮ ነበር፤ በ2021 የወጣው ሰባተኛ እትም ግን ዋናውን ቦታ ለ12 መርሆች ሰጠ። በዚያው ዓመት የተሻሻለው የተቋሙ የሙያ ፈተናም ግማሹን ያህል ጥያቄ ሥራን በየደረጃው እየተማሩ ለሚያስኬዱ አሠራሮች መደበ። አንባቢ «እንግዲያስ ማንም ያልተሳካለት ዕቅዴን ለወጥኩ እያለ ያመልጣል» ሊል ይችላል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ለውጥን መከልከል አይደለም፤ የመጀመሪያውን ዕቅድ ሳይደልዙ ማስቀመጥና ለውጡን ከነፈቃጁ ስም አጠገቡ መጻፍ ነው። ያኔ የለወጠውና የሸፈነው ይለያሉ። ከሁሉ በፊት ግን አበው «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት አለ፦ ድስቱ ሳይጣድ መመጠን ድስት ጥዶ ከማልቀስ ይሻላል።

ተረት 4፦ ሰርተፊኬት ያለው ፕሮጀክት መምራት ይችላል፤ የሌለው አይችልም።

እውነታው፦ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አንድ ስም ይዘው ይዞራሉ። አንዱ ሥልጠና ተከታትለሃል የሚል ምስክር ወረቀት ነው፤ ክፍያ ከፍሎ በተገኘ ሰው ሁሉ እጅ ይገባል። ሌላው ተፈትኖና ልምዱን አስመዝግቦ የሚገኝ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ፒኤምአይ የሚሰጠው ፒኤምፒ የሚባለው ከእነዚህ ሁለተኛው ሲሆን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ለፈተናው ለመቅረብ የ35 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል፤ 35 ሰዓት ተምሮ የተሰጠ ወረቀት ግን በር ማንኳኳት እንጂ መግባት አይደለም። የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው አመልካች ፕሮጀክት የመራበት 36 ወር፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀው ደግሞ 60 ወር ማሳየት አለበት። ማረጋገጫው በየሦስት ዓመቱ በ60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይታደሳል። ልምድ ለሌለው ጀማሪ በ23 ሰዓት ትምህርት የሚፈተኑበት ካፕኤም የሚባል ዝቅ ያለ ደረጃ አለ። ለፒኤምፒ «ማኔጀር» የሚል ሹመት ግን አይጠየቅም፤ የሚመዘነው የተሠራው ሥራ ነው። ይህ ማለት የገጠር መንገድ ወይም የመስኖ ሥራ እየመራ ማዕረጉ «ባለሙያ» ብቻ የሆነ ሰው ያ ልምዱ ሊቆጠርለት ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ወረቀቱ ምን ያህል ይመሰክራል? የሙያውን ቋንቋ ማወቁን፣ ልምድ ማስመዝገቡንና በተፈተነ ቀን ትክክለኛውን ምርጫ መለየቱን ይመሰክራል። ከተቋራጭ ጋር ሲጋፈጥ ፊቱን እንደማያዞር፣ መጥፎ ወሬ ለአለቃው ሳይዘገይ እንደሚያደርስ፣ የወንዙን ባህሪ ከባላገሩ ጠይቆ እንደሚሰማ አይመሰክርም። የጎርፉን ከፍታ ከመጽሐፍ ይልቅ የወንዙ ዳር ሽማግሌ ያውቀው ይሆናል፤ ሽማግሌውን የመጠየቅ ልማድ ደግሞ በምርጫ ጥያቄ አይለካም። ይህን ተከትሎ «እንግዲያስ ወረቀቱ ከንቱ ነው» የሚል ተቃራኒ ተረት አለ፤ እሱም ልክ አይደለም። ለማያውቅህ ቀጣሪ ወረቀቱ የጋራ መነጋገሪያ ነው፤ ከአገር ውጭ ሥራ ለሚፈልግም በር ይከፍታል። በሌላ በኩል ክፍያው በዶላር ነው፤ ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። ስለዚህ ዘንድሮ መክፈል ያለበት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በራሱ የፕሮጀክት ጥያቄ ነው፦ ወጪው ከሚያመጣው ጥቅም ጋር ይመጣጠናል? ልምዱ የሞላ፣ ማረጋገጫውን የሚጠይቅ ሥራ ያየ ሰው ይክፈል። ልምዱ ያልሞላ ሰው ከወረቀቱ በፊት ሥራውን ይፈልግ።

ያ ሰው ዛሬ ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ፤ ምንም አያስከፍልም። የፒኤምፒ ማመልከቻ አመልካቹ የመራቸውን ሥራዎች ዓላማ፣ ጊዜና የራሱን ድርሻ እንዲዘረዝር ይጠይቃል። ስለዚህ በሞጣም ሆነ በቢቸና ምንጭ የሚያጎለብት፣ ትምህርት ቤት የሚያስገነባ ወይም የማኅበር ቤት የሚያሠራ ሰው ደብተር ይክፈት፦ ሥራው መቼ ተጀመረ፣ ምን ታቀደ፣ ምን ተለወጠ፣ ማን ፈቀደ፣ ምን ወጣ፣ ማን ተረከበ። ፈተናው ቢያመልጥ በሌላ ወር ይወሰዳል፤ ያልተጻፈ የሥራ ዘመን ግን ተመልሶ አይጻፍም። ደብተሩን የያዘ ሰው ወረቀቱን ባያገኝ እንኳ የሚቀጥለውን ሥራ ሲረከብ ጎርፉ ባለፈው ጊዜ እስከ የት እንደደረሰ በእጁ ይዟል።